«አውሮፕላኑ መብረሩ አይቀርም» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እዚሁ ሐዋሳ በአስጎብኚነት ሥራ የቆዩ አንድ የሙያ ባልደረባዬ «አውሮፕላኑ መብረሩ አይቀርም» በሚል ርዕስ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አቅርበዋል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ ባሌ ተራሮች ለእግር ጉዞ የሚመጣ እንግዳ በረራው በአየር ንብረት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የአስጎብኚውም ሆነ የተራራው ነዋሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ነው። ለዚህ ያቀረቧቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ በረራ በዓለም ልቀት ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ አንድ እንግዳ ቢቀር እንኳ አውሮፕላኑ ይነሣል፤ ዕዳው የሀብታም አገሮች ነው፤ የተረፈውን ችግኝ ተክለን እናካክሳለን፤ ንጹሕ ነዳጅ እየመጣ ነው፤ ካምፓችን ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ጉዞው ዘላቂ ነው፤ ይህን ጉዳይ ማንሣት ደግሞ እንግዳን ወደ ኬንያና ወደ ኔፓል መሸኘት ነው።

የእኔም እንጀራ ከዚሁ ሙያ ነው። ፈረሱን፣ መንገድ መሪውንና ስንቁን አሰናድቼ እንግዶችን ወደ ዶዶላና ወደ ዲንሾ እልካለሁ፤ ስለዚህ በረራው ይቁም፣ እንግዳም አይምጣ የሚል አቋም ሊኖረኝ አይችልም። ክርክሬ ሌላ ነው። የእንግዳውን በረራ ከራሳችን ሂሳብ ውጭ ካደረግነው፣ ምን ዓይነት ጉዞ መሸጥ እንዳለብን የሚነግረንን ዋነኛ መለኪያ እናጣለን። ጸሐፊው የደረደሯቸው ምክንያቶች በሙሉ ይህን መለኪያ ከዓይናችን ለማራቅ የሚያገለግሉ ስለመሰለኝ በየተራ ልመልስባቸው እወዳለሁ።

አስቀድሞ የምንስማማበትን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ጸሐፊው ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ለደኑ ዘብ መቆሙን ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። በዶዶላና በአዳባ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተጀመረው የፈረስና የእግር ጉዞ፣ ዋጂብ ከሚባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ጋር ጎን ለጎን የተዘረጋ ሥራ ነበር። እያንዳንዱ ማኅበር ከሠላሳ ያልበለጡ አባወራዎችን ይዞ የተከለለለትን ደን ይጠብቃል፣ ይጠቀማልም፤ በወሃሮ፣ በአንጋፉ፣ በአደሌ፣ በሞልጢቻና በዱሮ የተሠሩት የእንጨት ማረፊያዎች ደግሞ የአካባቢው ሰው ከቆመ ዛፍ ገቢ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ድንበሮች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ይህ ዓይነቱ ገቢ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚነጥፍ ሁላችንም አይተናል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ወደ መቶኛው ስንመጣ፣ በረራ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የሚይዘው ከ2 እስከ 3 በመቶ መሆኑን ጠቅሰዋል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከቁጥሩ የወሰዱት ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ድርሻው ያነሰው በረራ የዋህ ስለሆነ ሳይሆን የሚበርረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ በ2018 በአውሮፕላን የተጓዘው ከዓለም ሕዝብ 11 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ድንበር ተሻግሮ የበረረው ደግሞ ቢበዛ 4 በመቶ ነው፤ ከንግድ በረራ ልቀት ግማሽ ያህሉም ደጋግመው ከሚበርሩ፣ ከዓለም ሕዝብ 1 በመቶ ብቻ ከሆኑ ሰዎች የሚመጣ ነው። ይህ እንግዲህ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሂሳብ ብቻ ነው። አውሮፕላን ከፍታ ላይ የሚተወው ነጭ የጉም መስመርና ሌሎች ጋዞች ሲታከሉበት የበረራ የማሞቅ ኃይል ከዚህ ከፍ ይላል፤ መጠኑን በትክክል ለመለካት አስቸጋሪ ቢሆንም በድምሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያወርደውም።

ሂሳቡን በአንድ እንግዳ ላይ ስናደርገው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰባት ሰዓት ያህል በረራ ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በዚህ ስሌት ዝቅተኛው ማዕረግ ላይ የተቀመጠ አንድ መንገደኛ ለደርሶ መልሱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ድርሻ ይደርሰዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሰል ምንጮች በአማካይ በዓመት የሚያወጣው ከሩብ ቶን በታች ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ ለአንድ ዕረፍት የሚያወጣው፣ የፈረሱ ባለቤት ከአራት ዓመት በላይ ከሚያወጣው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር 2 በመቶ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እንግዳው ለጉዞው የሚያወጣው ከሁሉ ትልቁ ልቀት ይህ መሆኑን ግን አይለውጠውም።

ርዕሱን የያዘው መከራከሪያ፣ እንግዳው ቢቀርም አውሮፕላኑ ይነሣል የሚለው ነው። ይህ አባባል ለዛሬ ማታ በረራ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የበረራ ፕሮግራም ግን እውነት አይደለም። አየር መንገዶች የሚሠሩት በጠባብ ትርፍ ሲሆን መቀመጫቸው በበቂ ሁኔታ የማይሞላበትን መስመር ይዘው አይቆዩም፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበርሩ፣ ትልቅ ወይስ ትንሽ አውሮፕላን እንደሚመድቡ የሚወስኑት የትኬት ሽያጩን አይተው ነው። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2020 ተሳፋሪ ሲጠፋ የዓለም አውሮፕላኖች በየሜዳው ቆመዋል፤ የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ አውጥቶ ዕቃ ጭኖባቸዋል። አውሮፕላኑ መብረሩ አይቀርም ቢሆን ኖሮ መቀመጫ ባልተነቀለ ነበር።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ልዩ ሁኔታ መጥቀስ ይገባል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ አንዳንድ አየር መንገዶች የማረፊያ ሰዓታቸውን ላለማጣት ባዶ ሊባሉ የሚችሉ አውሮፕላኖችን ያበርሩ ነበር፤ ይህ የሆነው ግን አንድ አየር መንገድ ከተመደበለት ሰዓት 80 በመቶውን ካልተጠቀመ ይነጠቃል የሚል ደንብ ስለነበረ ነው፤ ደንቡ በመጋቢት ወር ሲታገድ ባዶ በረራው አብሮ ቀርቷል። አንድ እንግዳ ብቻውን አንድን በረራ አያሰርዝም፤ እኛ ግን የምንሸጠው ለአንድ እንግዳ አይደለም። በአገሪቱ ያሉ አስጎብኚዎች በአንድ የጉብኝት ወቅት የሚያመጧቸው ሰዎች ሲደመሩ አየር መንገድ ቆጥሮ የሚያስባቸው ቁጥሮች ናቸው።

ዕዳው የሀብታም አገሮች ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው ነው፤ እኔም በአንባቢነቴ በደስታ ራሴን የነቀነቅሁት እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ ያላት አስተዋጽኦ እጅግ ትንሽ መሆኑ፣ ኤሌክትሪኳም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ፣ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 የደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለዕርዳታ መዳረጉ የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የማይታይ መሸጋገሪያ አለ። እየተነጋገርን ያለነው ስለ ኢትዮጵያዊ በረራ ሳይሆን ስለ ጀርመናዊው በረራ ነው። የእኛን ድህነት ለእሱ ትኬት መከላከያ አድርገን ስናቀርብለት እኛ ምንም አናገኝም፤ የሚገላገለው እሱ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው ዓለም አቀፍ በረራ በየአገሩ የልቀት ድምር ውስጥ የማይገባ መሆኑ ነው። ከፍራንክፈርት የተነሣው አውሮፕላን የሚያወጣው ጭስ በጀርመን ድምር ውስጥ የለም፣ በኢትዮጵያም ድምር ውስጥ የለም፤ በማስታወሻ መልክ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ማንም አገር ቀንሼዋለሁ ወይም ጨምሬዋለሁ ብሎ አይጠየቅበትም። ነዳጁም እ.ኤ.አ. በ1944 ከተፈረመው የቺካጎ ስምምነትና ከእሱ በኋላ ከተፈረሙት የሁለትዮሽ ውሎች የተነሣ በአብዛኛው ቀረጥ አይከፈልበትም። ባለቤት የሌለውን ነገር ጉዳያችን አይደለም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም እንዲህ ስለሚል ነው ባለቤት ያጣው።

የጉዳዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማየት ደግሞ በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ላይ መቆም ይበቃል። ከብርድ ጋር የተላመደ ፍጥረት ሙቀት ሲከተለው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በተዘረጋው በዚያ አምባ ላይ የሚኖረው ግን ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ካበቃ በኋላ የሚሸሽበት የለውም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው፤ ዋና ምግቡ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ሌላ አገር የለውም። ከታች የገብስ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ ነው፣ የመንደር ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታም በየጊዜው መንጋውን ይቆርጠዋል፤ በዚህ ሁሉ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት እንግዳው ከሩቅ ሊያየው የመጣው ነገር የሚቆይበት ቦታ ይጠፋል። ከባሌ የሚነሡት ዋቤ ሸበሌና ገናሌ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሚሊዮኖችን እንደሚያጠጡ ስናስብ ጉዳዩ የአስጎብኚ ብቻ እንዳልሆነም ግልጽ ነው። ጸሐፊው ተጎጂነታችንን በመግቢያው በደንብ አስረድተው ሲያበቁ በመደምደሚያው ጉዳዩ የእኛ አይደለም ማለታቸው እንዴት እንደሚገናኝ አልታየኝም።

ቀጥሎ የመጣው ችግኝ ነው፤ እያንዳንዱ እንግዳ ጥቂት ችግኝ ይትከልና ሂሳቡ ይዘጋ የሚል። ለዚህ መልስ ከሐዋሳ ብዙም የማይርቀው የሁምቦ ደን ከማንም በላይ ምስክር ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ሰባት የገበሬ ማኅበራት በኅብረት ሥራ ተደራጅተው፣ ከከብትና ከምሣር ከልክለው፣ ከቆየው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ መልሰው አልብሰውታል። በእኔ ግምት በአገራችን በዚህ ረገድ ከተሠሩት ሁሉ የሚያኮራው ይህ ነው፤ የተሳካውም ችግኝ ስለተተከለ ሳይሆን መሬቱን የመጠቀም መብት ለገበሬው በወረቀት ስለተሰጠው ነው። ሥራው ሲመዘገብ የተገመተው፣ በ30 ዓመት ውስጥ ደኑ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ነበር።

ይህን በዓመት ብናካፍለው 29,000 ቶን ገደማ ይሆናል። ወደ 300 ሰው የሚጭን አንድ አውሮፕላን በየቀኑ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ ቢመለስ፣ የሁምቦ ተራራ በሙሉ ዓመቱን ለፍቶ የሚይዘውን ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል። አንድ መስመር፣ አንድ አውሮፕላን። ከሁምቦም ከሚገኘው የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ደኑ የያዘው ካርቦን ተቆጥሮ ከሚሸጥበት ሰነድ፣ ከፊሉ አስቀድሞ በዓለም ባንክ ፈንድ በኩል የተሸጠ ነው፤ የተሸጠውን ለእኛ እንግዳ ደግመን ብንሸጥለት አንድን በሬ ለሁለት ገበያተኛ እንደመሸጥ ነው።

በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የሚተከለውን ችግኝ ለእንግዳው በረራ እንቁጠርለት የሚለው ሐሳባቸውም በዚሁ ይወድቃል፤ እንግዳው መጣም ቀረም የሚተከል ዛፍ የእንግዳውን ዕዳ አይከፍልም፤ የሚከፍለው እሱ ባይመጣ ኖሮ የማይኖር ዛፍ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ዛፉ ለአሠርት ዓመታት መቆም አለበት፤ ጭሱ ግን ዛሬ ሰማይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ስንት ቀን እንደነደደ የሚያስታውስ ሰው ደን ውስጥ የተቀመጠ ካርቦን ምን ያህል ዋስትና እንዳለው ያውቃል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ እንግዶቼም ሲተክሉ ደስ ይለኛል፤ ደረሰኝ ግን አልቆርጥላቸውም።

ስለ ንጹሕ ነዳጅ ብዙ አልልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በአየር ማረፊያዎቹ ከሚቀዳው ነዳጅ ቢያንስ 2 በመቶው፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶው ከቆሻሻ ዘይትና ከመሳሰሉት የተሠራ እንዲሆን ደንግጓል። በዚያን ጊዜም 94 በመቶው እንግዲህ ያው ነባሩ ነዳጅ ነው፤ ግዴታውም አውሮፕላኑ ከአውሮፓ ሲነሣ እንጂ ከቦሌ ሲመለስ አይሠራም። አዲሱ ነዳጅ ዋጋው ከነባሩ በእጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ ባትሪም ከክብደቱ የተነሣ ሰባት ሰዓት የሚበርር ትልቅ አውሮፕላን አያነሣም። ወደፊት ሊሻሻል ይችላል፤ የሚመጣውን የመስከረም ወቅት ጉዞ ግን በሚመጣው አሥር ዓመት ነዳጅ ልንሸጠው አንችልም።

ካምፓችን ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ጉዞው ዘላቂ ነው የሚለው ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በቅን ልቦና የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ላስቲክ እንደሚሰበስቡ፣ የፀሐይ ኃይል መብራት እንደሚጠቀሙ፣ አስታ የተባለው የተራራ ቁጥቋጦ ተቆርጦ እንዳይነድ ምድጃ ይዘው እንደሚወጡ ዘርዝረዋል። ይህ ሁሉ መደረግ አለበት፤ ያልተደረገባቸው ካምፖች ምን እንደሚመስሉ ያየ ሰው ያውቃል፤ ከድንኳኑ ጀርባ የተጣለ የቱና ቆርቆሮና የመጸዳጃ ወረቀት፣ ዙሪያውን ጉቶ ብቻ የቀረው አስታ። ነገር ግን እነዚህ ሥራዎች የሚጠብቁት ተራራውን ነው፤ አየሩን ስለመጠበቃቸው መናገር ሌላ ሂሳብ ነው፤ ሁለቱን አደባልቆ አንድ ላይ መደመር አይቻልም።

መጠኑን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። አራት እንግዶች አዲስ አበባ ተቀብለን እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በላንድክሩዘር ወስደን ብንመልሳቸው፣ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ ይበላል ብንል በጠቅላላው 96 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ 260 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 65 ኪሎ። በካምፕ የሚነደው ጋዝ ደግሞ ለአንድ ሰው ጥቂት ኪሎ ነው። በአንጻሩ የእያንዳንዳቸው በረራ አንድ ቶን ነው። መብራቱን በፀሐይ አድርገን የምናተርፈው ከዚህ ጎን ሲታይ ለመጻፍም አይበቃም። ስለዚህ በማስታወቂያችን ላይ ጉዞው ለአየር ንብረት ተስማሚ ነው ብለን ስንጽፍ የጻፍነው ስለ ትንሹ ነገር ነው፤ ጽዳታችንን እንጻፍ፣ ስለ አየሩ ግን ዝም እንበል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ ደርሰናል፤ በረራው በእኛ ሂሳብ ውስጥ ቢገባ ምን ይለውጣል? ባለፈው የጉብኝት ወቅት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ልጥቀስ። ሁለት እንግዶች ሐሙስ ማታ ቦሌ ያርፋሉ፤ ዓርብ ቀኑን ሙሉ በመኪና ዲንሾ ይደርሳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በእግር ይሄዳሉ፤ ሰኞ ይመለሳሉ፤ ማክሰኞ ማታ ይበርራሉ። የእግር ጉዞው ሁለት ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ የእግር ቀን የሚደርሰው የበረራ ድርሻ ግማሽ ቶን ነው። ለዚህ ጉዞ መንገድ መሪው የሁለት ቀን አበል፣ ፈረስ ጫኙም የሁለት ቀን ሒሳብ ይቀበላሉ፤ ተራ ጠብቆ ፈረሱን ይዞ የመጣው ሰው የወረደበትን ድካም እንኳ በቅጡ አያካክስም። እነዚሁ ሰዎች በአንድ በረራ መጥተው ከዶዶላ ተነሥተው በማረፊያዎቹ በኩል፣ ከዚያም በዌብ ሸለቆና በሳነቴ አሥራ ሁለት ቀን ቢሄዱ የእያንዳንዱ ቀን ድርሻ ከመቶ ኪሎ በታች ይወርዳል፤ የፈረሱ ባለቤት ገቢ ደግሞ ስድስት እጥፍ ይሆናል።

ተራራው የሚከፈለው በቀን ነው፤ አየሩ የሚጎዳው በጉዞ ነው። ይህ ልዩነት የሙያችን መክፈቻ ሆኖ ሳለ ዋጋችንን የምናወጣው በተቃራኒው ነው፤ ለአጭር ጉዞ ማራኪ ዋጋ፣ ለረጅሙ ቅናሽ የለም፣ ብዙ እንግዳ ያመጣ ወኪል ይመሰገናል፣ እንግዳው ስንት ሌሊት እንዳደረ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ላይ የተጨናነቀ ፕሮግራም ለማሳጠር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአውሮፕላን እናስመጣለን፤ ነዳጅ በብዛት የሚቃጠለው ሲነሣ ስለሆነ አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ የከፋ ነው፤ መንገዱ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባቱና ከላንጋኖ ጋር።

የመጨረሻው የጸሐፊው ነጥብ ፍርሃት ነው፤ ይህን ካነሣን እንግዳው ወደ ኬንያ ወይም ወደ ኔፓል ይሄዳል። ወደ ኔፓል የሚሄደው ጀርመናዊ ከዚህ የበለጠ ይበርራል፤ ስለዚህ የአየሩ ጉዳይ ያሳሰበው እንግዳ በዚህ ምክንያት ከእኛ ወደ ኔፓል አይዞርም። የሚያሳስበው እንግዳ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ መምጣቴ ዋጋ አለው ወይ ነው የሚለው። ለዚህ መልስ ያለን እኛ ነን፤ በቀን ስንት ሰው እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ ለየትኛው ማኅበር እንደሚደርስ፣ ስለምን ረጅም ጉዞ እንደምንመክረው በግልጽ ልንነግረው እንችላለን። በየዓመቱ ለአጭር ዕረፍት ከሚመጣ በየሦስት ዓመቱ ለረጅም ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ለተራራውም ለአየሩም ይሻላል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ ለነገርኳቸው ሰዎች ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ነገር ደግሞ አስቀድሞ እዚህ ያለው እንግዳ ነው። ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለክረምት ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ዳያስፖራ በረራውን እናትና አባቱን ለማየት ከፍሎታል፤ ከሐዋሳ ዶዶላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል፤ አምስት ቀን በባሌ እንዲሄድ ብናግባባው በአየሩ ላይ የሚጨመረው የመኪናው ናፍጣ ብቻ ነው። በአፍሪካ ኅብረትና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠሩት፣ በኤምባሲዎችም ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ሐዋሳ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት፤ አበሉን ተቀብሎ ቅዳሜን በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያሳልፈው ተሰብሳቢ አንድ ሦስት ቀን ቢጨምር ወሃሮ ማደር ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የአማርኛ ማስታወቂያ፣ በብር የተተመነ ዋጋ፣ ለቤተሰብ የሚመች የፈረስ ጉዞ የሚያቀርበው ስንቱ ነው? አገር ውስጥ ያለው እንግዳ ከውጭ እንደሚመጣው አይከፍልም የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን በረራ ሲቋረጥ እሱ አይቋረጥም፤ 2020 ለዚህ በቂ ትምህርት ነበር።

ከአውሮፓ ለሚመጣ እንግዳ ከመጪው የጉብኝት ወቅት ጀምሮ ከስድስት የእግር ቀን በታች የሆነ የባሌ ጉዞ ላለማሰናዳት ወስኛለሁ፤ ከስድስት በላይ ለሚሄድ ደግሞ የቀን ዋጋው ይቀንሳል፣ የፈረስ ጫኙ የቀን ሒሳብ ግን አይነካም። እኔ የመለስኩትን እንግዳ ሌላው አስጎብኚ ይወስደዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሊወስደውም ይችላል። ስለዚህ ነው የቀን ዝቅተኛውን ልክ እያንዳንዳችን ለብቻችን ከምናወጣው የዶዶላና የዲንሾ የመንገድ መሪዎችና የፈረስ ባለቤቶች ማኅበራት ራሳቸው ቢያወጡት የሚሻለው፤ ተራውን የሚይዙት፣ ፈረሱንም የሚሰጡት ወይም የሚከለክሉት እነሱ ናቸውና።